ሊቀ እንቅልፍ

ሳይማር የሚፈውስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ወገብ ያሻል፣ ሌላው ቅጠል ይቀምማል። ለሰፈራችን መድኃኒት ቤት ባለቤት የደረሳት ግን የሚያስተኛው ነው፤ ይባስ ብሎ ታናሽ ወንድሟ ነው።

ሊቀ እንቅልፍ፣ ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፣ ቀድሞ በአውቶቡስ መናኸሪያ በድምፅ ማጉያ ተሳፋሪ ይጠሩ ነበር። ድምፃቸው ወፍራምና የረጋ ስለነበር፣ አውቶቡስ መበላሸቱን ሲያስታውቁ እንኳ ሕዝቡ የምሥራች እንደሰማ አርፎ ይቀመጥ ነበር። መናኸሪያው በተቀዳ ድምፅ ሲተካቸው በኢንተርኔት ትንሽ ተማሩና ከእህታቸው መድኃኒት ቤት ጀርባ ሰው በንግግር እያስተኙ የሚያክሙበት «የሂፕኖሲስ ሕክምና ማዕከል» ከፈቱ። ማዕከሉ አንድ ተደጋፊ ወንበርና እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ የማያድኑት ነገር ጠፋ፤ ሲጋራ፣ ቁርጥማት፣ የፈተና ፍርሃት፣ የአማት ጥላቻ። «አእምሮ ሎሌ ነው» ይላሉ ዓይናቸውን ከደን አድርገው፤ «ጌታው ሲናገረው ይታዘዛል።»

አንድ የታክሲ ሹፌር ሲጋራ ሊተው ገብቶ ጣራው እስኪነቀል አንኮራፋ። እህትዬዋ ብቅ ብላ «ይኼ ሰውዬ እኮ ተኝቷል» ብትላቸው «ጥልቅ ደረጃ ደርሶ ነው» አሏት። ሹፌሩ ነቅቶ ተንጠራራ፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ካየ ዘመን ሆኖታል ብሎ አመሰገነ፣ ከፈለ፤ ደጃፉ ላይ ሲጋራውን ለኮሰ።

«እኔ የምሸጠው ክኒን ሁሉ ተፈትኖ የመጣ ነው» ትላቸዋለች። «ያንተን ማን ፈተነው?»

«ደንበኞቼ። ተመላልሰው አይመጡም?»

«ስላልዳኑ ነዋ።»

እንዲህ እየተጎሻሸሙ በሰላም ይኖሩ ነበር፣ ልብስ ሰፊዋ እስክትመጣ ድረስ። ይቺ ሴት ራስ ምታት ሲፈልጣት የከረመች ናት። ሊቀ እንቅልፍ ባናገሯት ቁጥር ፊቷ ፈክቶ ትወጣለች፤ እውነትም ይቀላታል። አንድ ቀን ስትወጣ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት አንዲት ፓኬት የሕመም ማስታገሻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ሴትዮዋ እጇን ሰደደች፤ ከፓኬቷ አጠገብ ባዶ ጠረጴዛ ዳሰሰች።

«ሁለት ነው እንዴ ያደረግሽልኝ?» አለች። «ዘንድሮ ክርም መርፌ አልገባ ብሎኛል። ዕድሜ መሰለኝ።»

እህትዬዋ ሸኝታት ወደ ጓዳ ገባች።

«ይቺን ሴት ሆስፒታል ላካት።»

«እየተሻላት እኮ ነው፣ እታለም። ራሷ ናት የነገረችኝ።»

«የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሕመሙን አላወጣህላትም፣ ዝም ነው ያሰኘኸው። ጭስ ሲሸተው አፍንጫውን የደፈነ ሰው ቤቱን አዳነ ይባላል?»

ሊቀ እንቅልፍ «አእምሮ ሎሌ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«ከላክኋት እኮ አልቻለም ትላለች።»

«ትበል» አለች እህታቸው።

በማግስቱ ሴትዮዋን ራሳቸው ሆስፒታል ወሰዷት፤ እህታቸውም መድኃኒት ቤቷን ዘግታ ተከተለች። የጭንቅላት ውስጥ ፎቶ የሚያነሣው ማሽን ጋ ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ የጠባቡን ዋሻ አፍ አይታ ደነገጠች። በቁሜ መቃብር አልገባም ብላ ድርቅ አለች።

«እርስዎ ሐኪሟ ነዎት?» አለ የማሽኑ ባለሙያ።

እህትዬዋ ረጅም ንግግር ጠብቃ አንገቷን ደፋች።

«አይደለሁም» አሉ ሊቀ እንቅልፍ። «ማውራት ብቻ ነው የምችለው።»

ብረት ስለማይገባ ሰዓታቸውን፣ ቀለበቶቻቸውን፣ ቀበቷቸውን ፈቱ። ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው እግሯ ሥር ተቀመጡና በዚያ ድምፃቸው ስለ ቀሚስ፣ ስለ ጠርዝ፣ ስለ ስፌት ያወሯት ጀመር፤ እሷም ቀስ በቀስ እሺ ብላ ተንሸራታ ገባች። ማሽኑ መንኳኳት ሲጀምር ድምፃቸው ተዋጠ። ያን ጊዜ ወሬውን ተዉና እስኪያልቅ ድረስ የእግሯን አውራ ጣት ይዘው ተቀመጡ።

ዕጢ ተገኘ። ትንሽ ብትዘገይ ዓይኗን ያጠፋው ነበር አሉ ሐኪሞቹ፤ በጊዜ ወጣላት።

ማዕከሉ አልተዘጋም። ሊቀ እንቅልፍ ዛሬም የአማት ጥላቻ አጠፋለሁ ይላሉ። ብቻ አሁን ማንም ወንበሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት «ሐኪም አይቶሃል?» ይሉታል፤ ካላየው አይቀበሉትም። በዚህ የተቀየሙት ብዙ ናቸው። በቀደም አንዱ በመድኃኒት ቤቱ በኩል ወጥቶ እህትዬዋን «ወንድምሽ በቅድሚያ ተመርመር ብሎ መለሰኝ፤ ደግሞ እሱ ምን ያውቃል?» አላት።

እህትዬዋ መነጽሯን አስተካከለች።

«እሱ ካለህማ ሂድ» አለችው። «ወንድሜ ዝም ብሎ አይናገርም።»