የቀዩ ሞተር የማሻሻያ ዘመን

የሰው ልጅ ካፈራቸው ድንቅ ነገሮች አንዱ የማይሄድ ሞተር ሳይክል ነው። የሚሄደውንማ ማንም ይነዳዋል። የማይሄደውን ይዞ ዓመታትን በክብር መዝለቅ ግን ዕውቀት፣ ትዕግሥትና ጥሩ ሚስት ይጠይቃል። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆኑት አባወራ ከሦስቱ ቢያንስ የመጨረሻዋን ታድለዋል። የሚጠራጠር ካለ እሁድ ጠዋት በግቢያቸው በር ይለፍ፤ ሞተሩ ላይ ተቀምጣ ነዳጅ ስትሰጥ ያገኛታል።

እኚህ አባወራ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ግምገማ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሥራ ሲጀምሩ የሚስተካከላቸው የለም፤ ሲጨርሱ ያየ ሰው ግን ገና አልተገኘም። ሞተሩ በወጣትነታቸው የገዙት፣ ጣሊያን ሰራሽ፣ የእሽቅድምድም ዘር ያለበት ቀይ ሞተር ነው። መሪው ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ የተቀመጠበትን ሁሉ ለአለቃው እጅ የሚነሳ ሠራተኛ ያስመስለዋል። አባወራው አቀማመጡን በአንድ ቀን የለመዱት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በተጋቡ ሰሞን ሁለቱ በዚህ ሞተር ተፈናጠው ሐይቁ ዳር ወዳለችው ከተማ ሄደው ነበር። ሚስትየዋ ያን ጉዞ ስታነሳ ነፋሱን፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ድንገት ብቅ ያለውን ውሃ፣ ጉንጯን ያስደገፈችበትን የባሏን ጀርባ ትጠራለች። አባወራው የሚያስታውሱት ግን ዳገቱ ላይ ከሞተሩ የሰሙትን አንድ እንግዳ ድምፅ ነው። ድምፁ እስኪጣራ ድረስ ሁለተኛው ጉዞ እንዲቆይ ወሰኑ። ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ፣ የየራሳቸውን ቤት ይዘው ወጡ። ድምፁ ግን አሁንም በማጣራት ሂደት ላይ ነበር።

በየዓመቱ መቼ ነው የምንሄደው ትላቸዋለች። እሳቸውም ሐይቁ የት ይሄዳል፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እያሉ ያሳድሯታል። ዘንድሮ ግን የምሳ ሳህን እያነሳች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ፣ "የተጋባንበት ቀን ሐይቁ ጋ ካልወሰድከኝ ሁለተኛ አልጠይቅህም" አለች። አባወራው ደነገጡ። ከምትጠይቅ ሚስት ይልቅ መጠየቅ ያቆመች ሚስት እንደምታስፈራ ለማወቅ የዕቅድ ክፍል ኃላፊ መሆን አያስፈልግም። እዚያው ቃል ገቡላት፤ በማግስቱም የጉዞውን ዝግጅት የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ።

ኮሚቴው አባወራውንና ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊውን ያቀፈ ነበር። ልብስ ሰፊው ስለ ሞተር የሚያውቀው ምንም ነገር የለም፤ ይህም በሁሉም ጉዳይ ላይ ያለ ችግር እንዲስማማ ረድቶታል። ሚስትየዋ ድምፅ የማትሰጥ ታዛቢ ሆና ተመደበች፤ ታዛቢ ይባል እንጂ ሥራው ሁሉ የእሷ ነበር። አባወራው ከጥንት ጀምሮ "ነጂ የራሱን ሞተር በሽታ አይሰማም" የሚል ጽኑ መርሕ አላቸው። ስለዚህ እሷ ሞተሩን አስነስታ እስከ መንገዱ ጫፍ ደርሳ ትመለሳለች፤ እሳቸው የቆዳ ጃኬታቸውን ለብሰው የመብራት ምሰሶው ሥር ይቆሙና እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። በዚህ አሠራር ዓመታት ሙሉ ሞተሩን ስትነዳ የኖረችው እሷ ስትሆን፣ በሰፈሩ ሞተረኛው ተብለው የተከበሩት ግን እሳቸው ናቸው።

በዚያን ሰሞን አንድ ጥልቅ ችግር ገጠማቸው። ሞተሩ በደንብ ተነስቶ፣ በደንብ ሄዶ፣ ከመንገዱ ጫፍ ሲመለስ አስል አስል ይለውና ቀጥ ይላል። አባወራው እየሮጡ ይደርሱና ክዳኑን ከፍታ ቤንዚን መኖሩን እንድታይ ያዟታል። ትከፍታለች፤ ቤንዚን አለ። ትዘጋለች፤ ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። አባወራው ታዲያ በመካከሉ የነካኩትን ዕቃ ያመሰግናሉ። አንድ እሁድ ካንዴላውን ጠርገው ነበርና ጥፋቱ የካንዴላው ነው ተባለ። በሚቀጥለው ሽቦ ቀይረው ነበርና የሽቦው ሆነ። እንዲህ የእምዬን ወደ አብዬ ሲያዞሩ ዲናሞውም ባትሪውም ተራቸው ደርሶ ከሥራ ተሰናበቱ።

እዚህ ላይ አንድ አነስተኛ የታሪክ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ሞተሩ የዝናቡን ወራት ያሳለፈው ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው ጎን ነበር። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት አባወራው ምርመራ አካሂደው በታንኩ ክዳን ላይ አንዲት ደቃቃ ቀዳዳ አገኙ። ይህን የሚያህል ሞተር የሠሩ መሐንዲሶች እንዴት ቀዳዳ ሳይደፍኑ ይረሳሉ ብለው ተገረሙ፤ ሰው ነውና ይሳሳታል ብለውም ይቅር አሏቸው። ከዚያ ቀዳዳዋን በሙጫ፣ የክዳኑን ዙሪያ በጎማ አጥብቀው ደፈኑ። ሽታው ጠፋ። ልብስ ሰፊውም ሥራው እንከን እንደማይወጣለት መሰከረ።

አንድ እሁድ ሚስትየዋ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠች ሐሳብ አለኝ አለች። አባወራው ታዛቢ ሐሳብ እንዲያቀርብ የሚፈቅድ አሠራር ባይኖርም እንደ ቤተሰብ ፈቀዱላት።

"ይህን ክዳን ስከፍተው አየር ይስባል" አለች። "ፉት ሲል ይሰማኛል። ታንኩ የታፈነ ይመስለኛል። ያቺ የደፈንካት ቀዳዳ መተንፈሻው ብትሆንስ?"

አባወራው ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። ልብስ ሰፊው ወደ አባወራው ፊት አይቶ፣ ፊቱ ምን እንደሚፈልግ ካረጋገጠ በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

"አስተያየትሽ ተይዟል" አሉ አባወራው።

"የት ነው የተያዘው?"

"ተይዟል አልኩሽ እኮ።"

በመሥሪያ ቤታቸው አስተያየት ተይዟል ማለት አፈር ለብሷል ማለት እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ ለስንት ዓመት እራት ላይ ስትሰማው ኖራለች። ኮሚቴው ሻይ ሊጠጣ ሲገባ ከልብስ ሰፊው ኮሌታ ላይ የተሰካችውን መርፌ ተዋሰች፤ ቀዳዳዋን ወጋ ወጋ አድርጋ ከፈተች፤ መርፌውንም አመስግና መለሰች። ከዚያ ሞተሩን አስነስታ ወጣች።

እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደች። አልተመለሰችም። አባወራው የሻይ ስኒያቸውን እንደያዙ ምሰሶው ሥር ወጥተው ጠበቁ፤ ሻዩም ቀዘቀዘ። ስትመለስ ዓይኗ ከነፋሱ የተነሳ እንባ አቅርሯል፤ ፀጉሯ ከሻሿ ወጥቷል፤ ፊቷ ላይ ደግሞ አባወራው ሐይቁ ዳር ካዩት ወዲህ ያላዩት ፈገግታ አለ። ደስ አላቸው፤ እውነቱን ለመናገር ወደዷት፤ ያቺን ሰዓት እዚያው ላይ ቢያቆሟት ይህ ታሪክ ባማረ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉና አዲሱ ባትሪ ውጤታማ መሆኑን በይፋ አስታወቁ። የመርፌው ነገር አልተነሳም።

በሳል አመራር የሠራ ነገር አይቶ ዝም አይልም። ሞተሩ ከነሸክሙ እንዲህ ከሄደ፣ ሸክሙ ሲቀነስለት ምን ሊሆን ነው? አባወራው ይህን ጥያቄ ለኮሚቴው አቀረቡና ክብደት የመቀነስ ዘመቻ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። መስተዋቶቹ ወለቁ፤ የኋላን እያዩ ወደፊት መሄድ አይቻልም ተባለ። ጥሩምባው ወለቀ። የፍሪሲዮኑ መሸፈኛ በመጋዝ ተቆርጦ ተከፈተ። ድሮም ጠጠር የሚፈጭ የሚመስለው ፍሪሲዮን አሁን እስከ ሦስተኛው መንገድ ድረስ ይሰማ ጀመር፤ አባወራው ይህ የዘር ምልክት ነው ብለው ለጎረቤቶቹ አስረዱ። ሚስትየዋ እህቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ሰሞን ደግሞ ሞተሩ በልብስ ሰፊው ጋሪ ተጭኖ ወደ በያጅ ቤት ተወሰደ። ሲመለስ በሸራ ተሸፍኖ ነበር፤ እስከ ምረቃው ቀን ማንም እንዳይገልጠውም ተከለከለ።

የተጋቡበት ቀን፣ የምረቃውም ቀን ደረሰ። ጎረቤቶች በር ላይ ተሰበሰቡ። አባወራው ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ሄልሜታቸውን በክንዳቸው አቅፈው አጭር ንግግር አደረጉ። በንግግራቸውም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ አውስተው፣ በተለይ ባለቤታቸው ላሳየችው ትዕግሥት ምስጋና አቀረቡ። ጭብጨባ ሆነ። ልብስ ሰፊው ሸራውን ገፈፈ።

ሞተሩ እውነትም ያምር ነበር። ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሊዘል ያኮበኮበ ይመስላል። ሚስትየዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ የራሷን ሄልሜት ይዛ ቀረበች። በቀኝ በኩል አየችው። ዞራ በግራ በኩል አየችው። ከኋላ መጥታ ቆመች።

"የት ነው የምቀመጠው?" አለች።

አባወራው የሁለተኛ ሰው መቀመጫ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚታይ ገለጹ።

"የድሮውን መልሰው።"

"እሱ እንኳ አይሆንም። የሚታሰርበት የኋላ ብረት ተቆርጧል።"

"ለምን?"

"ክብደት ለመቀነስ ነው። ብዙ ቀነስን።"

"የማንን ክብደት ነው የቀነስከው?"

ጎረቤቶቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ልብስ ሰፊው ራሱን ሊነቀንቅ ብሎ ምኑን እንደሚደግፍ ስላልገባው ተወው። አባወራው የተቆረጠውን ብረት ጫፍ በጣታቸው ዳበሱ። የሐይቁን መንገድ ሊሄዱበት ብለው ሞተሩን ሲያዘጋጁ፣ አብራቸው የምትሄደውን ሰው ዕቅዱ ውስጥ እንዳላስገቧት ያን ጊዜ ገና ገባቸው። አፈሩ። ከልባቸው አፈሩ፤ ግን እፍረት መቀመጫ አይሆንም።

"ቁልፉን ስጠኝ" አለች።

ሰጧት።

እዚህ ላይ ተራኪው አንድ አስተዳደራዊ እርምጃ ለመውሰድ ይገደዳል። እስካሁን ለአባወራው ሲሰጥ የቆየው አንቱታ ከቁልፉ ጋር አብሮ ወደ ወይዘሮዋ ተዛውሯል። ዝውውሩ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ የጸና ነው።

ወይዘሮዋ ሄልሜታቸውን አጠለቁ፤ ልብስ ሰፊው ለአንድ ሰው ብቻ የሰፋት ትራስ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳላቸው። ማርሽ አስገቡና መንገዱን ይዘው ሄዱ። አባወራው ምሰሶው ሥር ቆሞ፣ ልማድ ሆኖበት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ምንም እንግዳ ድምፅ አልነበረም። ይህን ውጤት ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው ኖሮ፣ ሲያገኘው ከእሱ እየራቀ ይሄድ ነበር።

"ድምፁ ጥሩ ነው" አለ ልብስ ሰፊው። "እንዳልከው።"

አባወራው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ በእግሩ ሄደ። ወንበሮቹ ሞልተው ነበርና ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በቆዳ ጃኬቱ ውስጥ እየቀለጠ፣ ሄልሜቱን እንደ ሐብሐብ አቅፎ ቆመ። አጠገቡ የተቀመጠ መንገደኛ ሞተር አለህ እንዴ ብሎ ጠየቀው።

"አለኝ።"

"ታዲያ ምነው በአውቶቡስ?"

"በጣም ስላሻሻልኩት ነው" አለ አባወራው።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ሐይቁ ብቅ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። አባወራው ግን ቆሞ ስለነበር መስኮቱ ከዓይኑ በታች ሆኖበት የታየው የአውቶቡሱ ጣሪያ ብቻ ነው።

ወይዘሮዋን ያገኛቸው ውሃው ዳር፣ ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ነበር። ሞተሩ ከኋላቸው ቆሟል። ፊታቸው በነፋስ ቀልቷል፤ ያ ፈገግታም አለ። አባወራው ምን ብሎ እንደሚጀምር ስላላወቀ መጣሁ አለ።

"እንዴት መጣህ?"

"በአውቶቡስ።"

"መቀመጫ አገኘህ?"

"ቆሜ ነው የመጣሁት።"

ወይዘሮዋ ትንሽ አሰቡና ድንጋዩ ላይ ጠጋ አሉለት። ተቀመጠ። ትከሻቸው ተነካካ፤ እሱም ወደ ሞተሩ አንዴ እንኳ አልዞረም፤ ይህም ለእሱ ትልቅ ማሻሻያ ነበር። ውሃውን አዩ። ይቅር የተባለ መሰለውና ልቡ ሞቀ፤ ልብ ሲሞቅ ደግሞ ዕቅድ ማውጣት ይወዳል።

"ስንመለስስ እንዴት ነው የምናደርገው?" አለ።

ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ከውሃው ላይ ሳያነሱ መለሱለት።

"የመጨረሻው አውቶቡስ አመሻሽ ላይ ነው ብለውኛል። አሁን ሄደህ ብትሰለፍ መቀመጫ አታጣም።"