ለሃጂ ያልተነሳሁበት ሁለት ደቂቃ

እኛ የባሌ ሰዎች በጨዋነታችን ሰው እንገድላለን። አትቆጡኝ... ገድዬ ነው የምናገረው። ያውም በአንድ ጠዋት ሁለቴ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሮቤው ትምህርት ቤታችን አንድ መምህር ለመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ጎባ ይሂድ ሲባል፣ ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ስለዚህ ለእናንተም ላስረዳ። ልቡ የቆመ ሰው ስታገኙ ሁለት መዳፋችሁን ደራርባችሁ ደረቱ መሐል ላይ ታሳርፋላችሁ። ክርናችሁን ሳታጥፉ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ትጫናላችሁ፤ ደረቱ ተመልሶ እንዲነሳ ትለቃላችሁ፤ እንዲህ እያላችሁ በደቂቃ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ ጊዜ። ከሁሉም በላይ ግን አታቋርጡም። እጃችሁ በቆመ ቁጥር ወደ አንጎል የሚሄደው ደም አብሮ ይቆማል። ይህችን የመጨረሻዋን ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬባት ነበር።

ፈተናው ሁለት ደቂቃ ነው። ፈታኛችን ሲስተር ጫልቱ ሰዓቷን ይዛ ቆማለች። በሽተኛው ወለል ላይ የተጋደመ የላስቲክ አሻንጉሊት ነው፤ በደንብ ከተጫናችሁት "ቀጭ" ይላል። ጀመርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና የአዳራሹ ጥበቃ፣ ሽበታም አባት፣ ገቡ። ብድግ አልኩ። ጎንበስ ብዬ ጨብጬ፣ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ጠይቄ ስመለስ፣ ሲስተር ጫልቱ አሻንጉሊቱን በነጠላዋ ሸፍናዋለች።

"ሞቷል" አለች።

ሁለተኛውን የገደሉብኝ ከአጋርፋ የመጡ አዛውንት መምህር ናቸው። አርፍደው ገቡ፤ ምን ላድርግ፣ እግሬ እኔን ሳያማክር ተነሳ። ሲስተር አንድ ዕድል ብቻ እንደቀረኝ ነገረችኝና፣ "አሁን መንግሥት ራሱ ቢገባ እንዳትነሳ" አለችኝ።

መንግሥት ቢገባ ይሻለኝ ነበር። ሦስተኛውን ገና መጫን ስጀምር የገቡት ሃጂ ከድር ናቸው! ሃጂን ካላወቃችኋቸው፣ ሮቤ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ የዘይነባ አባት ናቸው። ዘይነባን ካላወቃችኋት ደግሞ... እኔ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት፤ አጎቶቼ እሑድ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱላት ቀጠሮ ይዘዋል። ሃጂ ከሰዓት በኋላ የምስክር ወረቀት እንዲሰጡን ተጋብዘው፣ ቀድመው ደርሰዋል። በቀጥታ ወደ እኔ መጥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ብነሳ በሽተኛው ይሞታል። ባልነሳ እኔ።

አልተነሳሁም። የሃጂ እጅ አየር ላይ ቀረ። እጄ ቢታሰር አፌ አልታሰረም ብዬ በየጫናው አንድ አንድ ቃል እያወጣሁ ሰላምታዬን ጀመርኩ። "አሰላሙ... አለይኩም... ሃጂ... አካም... ጂርቱ..." ሃጂ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ኮታቸው ኪስ መለሱ። ስለ ቤተሰቡ ጠየቅሁ፤ በቀዝቃዛ ድምፅ አልሐምዱሊላህ አሉ። ስለ ከብቱ ጠየቅሁ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ዲንሾ ስላለችው እህታቸው... ላቤ አሻንጉሊቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቀጭታው ግን አልተቋረጠም። የእኛ አገር ሰላምታ ስንት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ? በትክክል ሁለት ደቂቃ!

"አልፈሃል" አለች ሲስተር።

ሃጂ ከሰዓት በኋላ የምስክር ወረቀቴን ሲሰጡኝ እንኳ ፊቴን አላዩኝም።

እሑድ አጎቶቼ ሄዱ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ የራሴን የልብ ምት ቆጠርኩ፤ መቶ ሃያን አልፎ ነበር። ሲመለሱ፣ ትልቁ አጎቴ ጫማቸውን እስኪያወልቁ ጠበቅኋቸው። ሃጂ እሺ ብለዋል። ለካ ሐኪም ልብዎ ደካማ ነው ብሏቸው ኖሯል፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛው፣ ጎጆ የምንወጣው ከእሳቸው አጥር ጎን እንዲሆን ነው። ሁለተኛውን አጎቴ የሃጂን ድምፅ አስመስለው ነገሩኝ፦

"የእኔ ቤት እንግዳ ይበዛበታል። የወደቅሁ ዕለት ለአንዱም እንዳይነሳ።"