በበርበሬ ፈንታ የመጣ ማኒፎልድ

ክፉ ለሠራብህ ሰው መልስ አታጣም። ትሰድበዋለህ፣ ታኮርፈዋለህ፣ ቢብስ ሽማግሌ ትልክበታለህ። ደግ የሠራልህን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ? በተለይ ደግነቱ ልክህ ካልሆነ? ጠባብ ሸሚዝ ገዝቶ የሰጠህ ዘመድ በመጣ ቁጥር ሆድህን ስበህ ያንኑ ሸሚዝ ትለብሳለህ። ሸሚዝስ ደግ ነው፣ ቢበዛ ትንፋሽ ያሳጥራል። ለእኔ የመጣልኝ ብረት ነበር።

መኪናዬን የማያውቃት የካርቱሙ ሳጃና ሰፈር ሐበሻ የለም። ጣሊያን ሠራሽ ናት፣ ቀለሟ ክሬም፣ በዕድሜ ደግሞ ታላቄ ናት። የጎረቤቴን የጋሽ ታፈሰን ልጅ ሜሮንን ገና የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዛ ስትሮጥ ጀምሮ «በዚህች መኪና ነው የምድርሽ» እያልኩ ስፎክርባት ኖሬአለሁ። ልጅ ደግሞ አይረሳም። የሠርጓ ቀን የተቆረጠ ዕለት እየከነፈች መጣችና፣ ካርቱም ያሳደገቻት አይደለች፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ ጃህዛ ናት አይደል? እኔ ሌላ ውስጥ አልገባም፣ ኸላስ፣ አለቀ!» አለችኝ። ተዘጋጅታለች ወይ ማለቷ ነው።

አልተዘጋጀችም። ማኒፎልዷ ተሰንጥቋል። ማኒፎልድ ማለት፣ ለማያውቅ፣ ከካርቡራቶሩ የሚመጣውን አየርና ቤንዚን ለሞተሩ የሚያከፋፍል ባለ ብዙ ጣት ብረት ነው። ሲሰነጠቅ ያልተጠራ አየር ይገባበታል። መኪናዋ መጀመሪያ ታፏጫለች፣ ቀጥላ ታስላለች፣ ወደ ባሕሪ የሚያሻግረው የዓባይ ድልድይ መሀል ላይ ስትደርስ ደግሞ ቀጥ ትላለች። ሙሽራ ጭነህ እዚያ ድልድይ ላይ ስትቆም አስበው! ከኋላህ የሚጮኸው ጥሩንባ የሠርግ ይሁን የስድብ በምን ታውቃለህ?

ጋሽ ታፈሰ ለሠርጉ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ እዚያ የእኔዋ ዓይነት መኪና ዛሬም በየመንደሩ አለ ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ካገኙ ማኒፎልድ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። አገኙ። ኦሪጅናል አይደለም፣ ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራው ነው፤ ግን አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሕፃን በአረንጓዴ ፎጣ የተጠቀለለ። ደስታዬን ሳልጨርስ ታሪኩ ተነገረኝ። አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣቸው ሲመዘን ኪሎው በዛ። ወይ ብረቱ ወይ የሠርጉ በርበሬ መቅረት ነበረበት። ጋሽ ታፈሰም «የሰው አደራ ይቅደም» ብለው በርበሬውን ለሸኛቸው ወንድማቸው መለሱ።

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ይመልሱልኝ ጀመር። አንዷ ጎረቤት ብረቱ ስንት ዶሮ እንደሚያወጣ ጠየቀችኝ። ደግነቱ የሙሽራው ዘመዶች ሐሙስ ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ፣ በርበሬ እንዲይዙ ተደወለላቸውና ነገሩ ረገብ አለ።

ብረቴን ታቅፌ፣ መኪናዋ ወደቆመችበት ባሕሪ ወደሚገኘው ጋራዥ፣ ሁሉም አጎቴ ብሎ ወደሚጠራው ወደ ዓም ዑስማን ከነፍኩ። የበርበሬውንም ታሪክ ከነአውሮፕላን ጣቢያው አወራሁለት። «ማሻላህ! እንዲህ ያለ ሰው አሁንም አለ?» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ሞተሩ ላይ ለካው። የዳርና የዳሩ ብሎን ገባ። የመሀሉ ቀዳዳ ግን ከሞተሩ ቀዳዳ በአንድ ጣት ተላልፏል። ዓም ዑስማን ብረቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሻይ አዘዘ።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ሰላምታ እንኳ የለም፣ «ገባ?» አሉኝ። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? በርበሬያቸውን ጥለው የመጡ ሰው ናቸው እኮ! «እንዴታ፣ ልክክ ብሎ!» አልኩ። «ልክክ? የመሀሉም?» አሉ ደግመው። የመሀሉም አልኳቸው። ሰው እንዲህ ለሰው መኪና ይጨነቃል ብዬ ገረመኝ፣ አንጀቴንም በሉት።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ የሚባል ነገር ራቀኝ። በጠዋት ድልድዩን ተሻግሬ ዓም ዑስማን ራስ ላይ እቆማለሁ። ቀዳዳውን በሞረድ ሊያሰፋ ሲጀምር የፈጡር፣ የቁርስ ማለት ነው፣ ሰዓት ይደርሳል። ሠራተኛው ሁሉ አንድ ትሪ ፉል ይከባል፣ እኔንም ካልበላህ ብለው እጄን ይጎትቱኛል፤ እምቢ ማለት ጠብ ነው። ዓይኔን ሞረዱ ላይ ተክዬ ፉል እጎርሳለሁ። ሲበላ ተበልቶ ሥራ ሲጀመር መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ የጸሎት ሰዓት ነው። እኔ ከመኪናዋ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መኪናዋ እመላለሳለሁ፤ የጋራዡ ውሻ እንኳ እኔን ማየት ሰልችቶት ፊቱን አዞረ። በመጨረሻ ጠፍጣፋ ብረት መሀል አስገብተው ቀዳዳዎቹን አገናኙ። ካርቡራቶሩ ግን ሽቅብ ወጥቶ ኮፈኑ አልዘጋ አለ። ሙሽራ አፏን ከፍታ በምትሄድ መኪና ትዳራለች?

ሐሙስ የሙሽራው ዘመዶች መጡ። በርበሬው አልመጣም። ኪሎ በዛብን አሉ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። እትዬ አልማዝ ከየቤቱ አንዳንድ ስኒ በርበሬ ለመኑ፣ የጎደለውን በሱዳኖቹ ሚጥሚጣ፣ በሻጣ፣ ሞሉት፤ የሚያቃጥል እንጂ የማይቀላ ወጥ ተሠራ። ዓርብ ጋራዡ ዝግ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ውስጥ ስንጎራደድ ሚስቴ ምንጣፏን አነሣችብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ተሸነፍኩ። ዓም ዑስማንን ምን ይሻላል ብዬ ለመንኩት። አሮጌውን ማኒፎልድ ከጥግ አነሣና፣ ይኸን በይጄ ስንጥቁን ልድፈነው፣ ከእኛ በላይ ዕድሜ አለው አለኝ። ጮህኩበት፤ ለምን ከመጀመሪያው አልነገርከኝም? «ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ሰውዬው የልጁን የሠርግ በርበሬ ጥሎ ያመጣውን ብረት እኔ አይሆንም ልበል? ነውር አይደለም?» አለኝ። ከቀትር በፊት በየደው፣ ሞረደው፣ የብር ቀለም ቀባው። አዲሱን በፎጣው ጠቅልዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ ደበቅሁ። ድልድዩን ስሻገር መኪናዋ አላፏጨችም፣ አላሳለችም። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም።

እሑድ ሜሮንን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ደረስን። እንዴት እንዳማረባት! እሷ ከሚዜዎቿ ጋር እንደገባች ጋሽ ታፈሰ ኮፈኑን ክፈት አሉኝ። ከፈትኩ። ያንን አያት የሚያህል ብረት በብር ቀለሙ የእሳቸው አዲሱ መስሏቸው አዩት፣ በእጃቸው ዳሰሱት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከዚያ ወደ ጎን ወሰዱኝና ተነፈሱ። የመርካቶው ነጋዴ ይኸ ለዚያች ሞተር አይገባም ብሏቸው ነበር ለካ! የሚገባ ሌላ ስለሌለና ባዶ እጄን እንዴት እመለሳለሁ ብለው ይሉኝታ ስለያዛቸው ገዙት። እንቅልፍ አጥተው ነው ያን ዕለት የደወሉልኝ። «ልክክ ብሎ ገባ ስትለኝ፣ ያ ነጋዴ ምን ያህል ውሸታም እንደሆነ ገባኝ። ስለዚህ ለመጠባበቂያ ያንኑ ዓይነት ሌላ እንዲያመጡልህ ለሙሽራው ዘመዶች ደወልኩ። ኪሎ በዛ ሲሉኝ በርበሬውን ተዉት አልኩ፤ ለአልማዝ እንዳትነግር» አሉኝ።

ወዲያው ከሚዜዎቹ መኪና አንድ የተጠቀለለ ነገር አንሥተው ወደ መኪናዬ ኋላ አመሩ። ልከለክላቸው ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። የኋላውን ኮፈን ከፈቱት።

አረንጓዴ ፎጣቸውን አዩ። ገለጥ አድርገው ብረታቸውን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ። ከውስጥ እልልታው ይሰማል። ሁለተኛውን ማኒፎልድ ከመጀመሪያው ጎን ቀስ አድርገው አጋደሙት፣ በፎጣውም ሁለቱንም አለበሷቸው፣ ኮፈኑን ዘጉ።

«ልክክ ብሎ ገባ» አሉኝ።