እድፍ ልመና ወደ ጉደር

የተዋሰውን ዕቃ ሳያጥብ የሚመልስ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እናቴ ከጎረቤት የመጣ ሳህን ከመጣበት ይልቅ አብርቶ ካልተመለሰ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር፤ እኔም ያንን ትምህርት ይዤ አድጌ፣ ጎጆ ወጥቼ፣ አምቦ ላይ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ እኖራለሁ። ንጽሕና ይገድላል ብሎ የነገረኝ ሰው ግን የለም።

የለም ማለቴስ ውሸት ነው። ኦቦ ቶሎሳ ነግረውኝ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ፣ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር በመስታወት ገንዳ የሚዋኙት ሰባት ቀያይ ዓሦች ብቻ ናቸው። ባለፈው ዓመት ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሲሄዱ ገንዳውን ከነዓሦቹ እኛ ቤት አስቀመጡ። «ትንሽ ትንሽ አብላቸው። ስፖንጁን ደግሞ እንዳታጥበው፤ አደራ!» አሉኝ። ስፖንጁ የገንዳው ውሃ እየተሳበ የሚያልፍበት ማጣሪያ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያሟልጭ፣ ሲያዩት የሚያስጠላ ነገር።

ሊመለሱ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው በረኪና አነሳሁ። ባለቤቴ ሂሩት «ሰውዬው አትጠብ ብለውሃል እኮ» አለችኝ። «ይሉኝታ ይዟቸው ነው፤ እንዳልደክም ብለው» አልኳት። እስቲ ፍረዱኝ፤ እኛ አገር እንግዳ «በቃኝ» ሲል እጅህን ትሰበስባለህ? ስፖንጁን ዘፈዘፍኩ፣ ጠጠሩን አሸሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቀለቅኩ፣ ውሃውን ሁሉ ቀየርኩ። ገንዳው አበራ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰባቱም ዓሦች ከውሃው ፊት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይለምናሉ። የሚተነፍሱበት ስንጥብ ደም መስሏል። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ጋ እንዳልደውል ገና ከአልጋ አልተነሱም። ሰባቱ ስድስት ሆነው ቢያገኟቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ጉደር ዓሣ የምታረባ ጫልቱ የምትባል የባዮሎጂ መምህርት አውቃለሁ። ደወልኩላት።

«ስፖንጁን ምን አደረግከው?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በበረኪና።»

«በበረኪና!» ብላ ደገመችልኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ የምሰማው ከሐኪም ነበር።

«ዓሣ እኮ የሚተነፍሰው እዚያው የሸናበት ውሃ ውስጥ ነው» አለችኝ። ከሚያስወግዱትና ከምግብ ትርፍራፊው አሞኒያ የሚባል የማይታይ መርዝ ይወጣል። ያ ስፖንጁ ላይ የናቅኩት የሚያሟልጭ እድፍ ደግሞ መርዙን እየበሉ ወደማይከፋ ነገር የሚለውጡ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን መንደር ነው። ለመራባት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። እኔ በአንድ ከሰዓት ጨረስኳቸው። «ምግብ አቁም። ክሎሪኑ እንዲተን ያደረ ውሃ ካላችሁ ሲሶውን ቀይሩላቸው። አንተ ቶሎ ና፤ የቆሸሸ ስፖንጅ እሰጥሃለሁ።»

ሂሩት በባልዲ ባደረው ውሃ ስትቀይር እኔ እድፍ ልለምን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ስመለስ የጫልቱ ስፖንጅ ከነውሃው በፌስታል ጭኔ ላይ ነበር። ተሕዋስያኑ እንዳይታፈኑ የፌስታሉን አፍ ገለጥ አድርጌ ስለያዝኩት ሽታው ሚኒባሱን አዳረሰው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«መድኃኒት ነው እማማ።»

«ዋቃዮ! ማን ሊጠጣው ነው?»

ፌስታሉን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሾፌሩ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር ሰዓቴን አያለሁ።

ስደርስ አንዷ ዓሣ በጎኗ ተጋድማለች። ስፖንጁን ከማጣሪያው ገጥሜ ገንዳው ፊት ተቀመጥኩ፤ አደራ በላ መባልን ያን ያህል የፈራሁበት ቀን የለም። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ትዝ አለኝ። አዲስ ኃላፊ መጣና ጥግ ላይ በአቧራ መሐል የሚቀመጡትን የመዝገብ ቤት ሴትዮ አነሳቸው። ቢሮው ጸዳ፣ ተጨበጨበ። ፋይል የት እንዳለ የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩና ከዚያ ወዲህ ባለጉዳይ አፉን ከፍቶ ይውላል።

በማግስቱ የተጋደመችው ቀና አለች። እኛም በየቀኑ ሲሶ ውሃ እየቀየርን ሰነበትን።

ኦቦ ቶሎሳ በከዘራ ተደግፈው መጡና ቆጠሩ። ሰባት። ገና ተነፈስኩ ስል ወደ ማጣሪያው ጎንበስ አሉ።

«የእኔ ስፖንጅ ክብ ነበር። ይሄ አራት ማዕዘን ነው።»

አንድም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። ዓሦቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ባለፈው ወር ለክትትል ሲሄዱ ገንዳውን መልሰው አመጡት። ይቅር ብለውኛል ማለት ነው! ደስ ብሎኝ ልቀበላቸው ብድግ አልኩ። አልፈውኝ ወደ ባለቤቴ ሄዱ።

«ሂሩት፣ ዓሦቹን አደራ። ከድመትም ከእሱም ጠብቂልኝ። ገለቶሚ» ብለው አመሰገኗት።

እኛ ቤት ድመት የለም።