በእጁ የቆመው ትምህርት ቤት

ትርሲት ያን ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ ነው። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ለመሆን ስትሠለጥን ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሸዋ ሮቢት አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ላይ ነበረች። መምህር ገሠሠ የሚባሉ አስተማሪዋ ከኮሌጅ መጥተው ስታስተምር የሚያዩዋት በዚያው ቀን ነው፤ ካላለፈች ዓመቱን ትደግማለች። ጭንቀቱ እንቅልፍም እህልም ከከለከላት ሁለት ቀን ሆኗታል።

በሕልሟ በትምህርት ቤቱ በር ስትገባ ሰው ሁሉ በእጁ ይሄዳል። ዘበኛው በመዳፋቸው ቆመው በእግራቸው ጣት መቀርቀሪያውን ሳቡላት፤ ከታች ሆነውም "እንዴት አደርሽ?" አሏት። ከአጥሩ ሥር ጫማ ሰፊው ጓንት ይሰፋሉ። ሜዳው ላይ ኳሷ አንድ ቦታ ቁጭ ብላ ተጫዋቾቹ ይንከባለላሉ። ርዕሰ መምህሩ አርፍደው ስለመጡ ተማሪዎቹ ፊት በመዳፋቸው እንደ እንቁራሪት ይዘላሉ።

የሒሳብ መምህሩ ጠመኔያቸውን በእግራቸው ይዘው እያለከለኩ ደረሱባት።

"እባክሽ እህቴ፣ ክፍለ ጊዜያችንን ሁሉ ስፖርት ወሰደብን። ፈተና ደርሷል፤ አሥር ደቂቃ እንኳ አበድሪኝ!"

"አይቻልም፤ ልጆቹ ገና አላላባቸውም" አለቻቸው። ሕልም ውስጥም ሆና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ፈታኟ መጣች። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወላልቀዋል፤ ሁሉም ግን "እትዬ ሐያት" እያሉ መንገድ ይለቁላታል። በእጇ እየተራመደች መጥታ ትርሲትን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

"ውይ ልጄ፣ በእግርሽ ነው የመጣሽው?"

"በእጅ መቆም አልችልም፣ እትዬ። አንደኛ ዓመት እያለሁ ወድቄ ክንዴ ወልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ እፈራለሁ።"

"ስንት ጊዜ ወደቅሽ?"

"አንድ ጊዜ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ? ታዲያ መች ጀመርሽውና!"

ትርሲት ጎንበስ ብላ መዳፎቿን አፈሩ ላይ አሳረፈች። እግሮቿን ወደ ላይ ስትወረውር ተማሪዎቹ በእግራቸው ግራና ቀኝ ደገፏት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ለቀቋት።

አልወደቀችም።

ሰማዩ ከእግሯ በታች ሆነ። ተራሮቹ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለዋል። አንድ ደመና መጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ነክቶ አለፈ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ያ ሁሉ የምትፈራው ክብደቷ የት እንደገባ አላወቀችም። መተንፈስ እንኳ ድፍረት መሰላት። ያን ጊዜ ከመዳፏ ሥር አንድ ነገር ድም አለ።

መጀመሪያ የራሷ የልብ ምት መስሏት ነበር። የራሷማ እንደ ወፍ ልብ ይርገበገባል። ይሄኛው ከጥልቅ የመጣ ነው፤ ክንዶቿን አልፎ፣ ደረቷን አልፎ፣ እግሯ ጫፍ ድረስ ወጣ።

"እትዬ፣ ምድሪቱ ልብ አላት እንዴ?"

"ዝም ብለሽ ቁጠሪ" አለች ሐያት።

"አንድ" አለች ትርሲት። ጠበቀች። ርዕሰ መምህሩ አየር ላይ እንዳሉ ቀሩ። የሒሳብ መምህሩ ጠመኔያቸው ወደቀ። ሜዳውን የሞላው ልጅ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

"ሁለተኛው መቼ ነው?"

"እናቴ በዕድሜዋ አንዱን ሰምታለች። አያቴም አንዱን። እኔ ገና አልሰማሁም።" ትንሿ ልጅ በመዳፏ ጠጋ አለች። "አንቺ እውነት ሰማሽው? እንዴት ይላል፣ ልጄ?"

ትርሲት ልትነግራት ፈለገች። እንባዋ በቅንድቧ በኩል አልፎ በግንባሯ ወረደ። "እንዲህ ነው የሚለው" ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከመዳፏ ሥር ሌላ ምት ሲመጣ ተሰማት፤ ከሩቅ፣ ቀስ እያለ፣ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ሊደርስ ሲል—

ዓይኗን ገለጠች።

አፏ ውስጥ አፈር አለ። ልጆቹ ገልብጠዋት በጀርባዋ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። ሐናን የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዋ ጋር የትርሲትን እግሮች አንድ አንድ ይዘው ወደ ላይ አንስተዋል።

"ቲቸር፣ እንዳትነሺ!" አለች ሐናን። "ራሱን የሳተ ሰው እግሩ ከፍ ይላል ብለሽናል፤ ሰኞ ዕለት።"

አንዷ ኮሌታዋን ታላላለች። ሌላዋ በደብተር ታራግባለች። አንዱ ልጅ እጆቹን ዘርግቶ "ራቁ! አየር ስጧት!" እያለ ሰዉን ይገፋል። ማንም አላለቀሰም፤ ማንም አልተሯሯጠም።

መምህር ገሠሠ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ከወንበራቸው አልተነሱም። እግራቸውን አጣምረው ይጽፋሉ። ጽፈው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ግሩም የመጀመሪያ ዕርዳታ ማሳያ ነው" አሏት። "ተማሪዎቹ ደረጃውን ጠብቀው ሠርተውታል፤ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼሻለሁ። አወዳደቅሽ ብቻ ትንሽ ተጋነነ።"