የአቶ ዘመነ የጡት ልጅ፣ ተርቧ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ፣ ከነነጥብና ከነሰረዙ፣ እውነት ነው። ዋሽቼ እንደሆነ የዋግ ነጭ ማር አፌ ገብቶ እሬት ይሁን፤ ከሰቆጣ የምሳፈርበት መኪና ሁሉ ጎማው ይፈንዳ፤ የገበያ ቀን ወሬም እኔ ሳልሰማው አገር አዳርሶ ይለፍ።

አገር በልጆቹ ይኮራል። አንዱ በሯጩ፣ ሌላው በዘፋኙ ይኮራል። ሰቆጣ ደግሞ ከትንሽ ጊዜ ወዲህ በአንዲት ተርብ ልትኮራ በቅታ ነበር። ከኩራቱ እስከ ክህደቱ የሆነውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ከሚያውቁትም አብዛኞቹ ደመወዝተኞች ስለሆኑ አይናገሩም።

ማንደፍሮ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነው። አገሩ ዳንግላ፣ ሥራው ሰቆጣ፣ ልቡ ደግሞ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነበረ። ዳንግላ ውስጥ ተናኘ የምትባል እጮኛ አለችው። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀለበት ታስሯል፣ ጌሾው ተወቅጧል፤ የጎደለው ሙሽራው ብቻ ነው። የተናኘ አባት አቋም ደግሞ እንደ ድንጋይ የጸና ነበር፤ «ልጄን የምድረው ለሰው ነው እንጂ ለስልክ አይደለም። እስከ ጥር ተዛውሮ ካልመጣ፣ ሌላ ጠያቂ ደጅ ቆሟል።»

ማንደፍሮ የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ስሙን አልጠራውም። የኃላፊውን የአቶ ዘመነን የዝውውር ፍልስፍና ግን ለትውልድ ሳላስተላልፍ ብቀር ይቆጨኛል። ማንደፍሮ ማመልከቻ ይዞ በገባ ቁጥር መነጽራቸውን ያወልቁና፣

«ማንደፍሮ፣ ሥራውን ያልጨረሰ ባለሙያ አይዛወርም» ይሉታል።

«ጨርሻለሁ እኮ አቶ ዘመነ።»

«ሥራውን የሚጨርስ ባለሙያማ ወርቅ ነው! ወርቁን የሚለቅ ማን ሞኝ አለ?»

በዚህ ጥበብ ምክንያት ከዚያ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ የወጣ ሰው አልነበረም። በጡረታ የወጣ አንድ አለ፤ እሱም እስከ ዛሬ ሰኞ ሰኞ ለስብሰባ ይጠራል።

ታዲያ እግዜር መርዳት ሲፈልግ በተርብም ይረዳል። ማንደፍሮ ወደ አበርገሌ ቆላ ወርዶ፣ ጓንጉል የሚባል ምላሱ ከማጭዱ የሰላ ገበሬ ማሽላ ውስጥ ሲዘዋወር፣ አገዳ ላይ የተገተረች ተርብ አየ። መልኳ ጥቁር ነው፤ ሆዷ ላይ ቢጫ መቀነት ታጥቃለች። እግሮቿ ዳማ ናቸው። ወገቧ ነፋስ ቢነካው የሚበጠስ ይመስላል። አንቴናዋ መካከል ላይ ነጭ ቀለበት አለበት፤ እሱን ደግሞ ወሬ እንደሸተተው ጎረቤት ያለ ዕረፍት ታርገበግበዋለች። ከኋላዋ ከራሷ ቁመት የሚረዝም፣ የፀጉር ዘለላ የመሰለ መርፌ ተተክሎላታል። ያንን መርፌ አገዳው ላይ አቁማ፣ ወገቧን እንደ ቀስት ለጥጣ ትሰረስራለች።

«ምን ልትሆን ነው ይቺ?» አለ ጓንጉል።

«አገዳው ውስጥ ያለውን ትል እየፈለገች ነው።»

«ሳታየው?»

«ከላይ አንኳኩታ ነው የምታገኘው።»

«ጨዋ ናት በለኛ! ከከተማ የሚመጡብን ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት።»

ማንደፍሮ ፎቶ አንስቶ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ላከ። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ይህች ተርብ እስከ ዛሬ በሳይንስ ያልተመዘገበች ትመስላለችና አካሏን ግለጽ፣ ዘሯን ቁጠር፣ ስም አውጣላት የሚል ነበር።

አቶ ዘመነ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ያ ወንበር ባዶ ሲሆን ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ወዲያው በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ «አዲስ ዝርያ ማግኘት» የሚል ግብ እንዲገባ፣ ግቡም ከመቶ መቶ እንደተሳካ እንዲያዝ አዘዙ። ከዚያ ማንደፍሮን ትከሻውን ይዘው፣

«ስሟ ወጥቶ፣ በዓሏ ተከብሮ ያለቀ ዕለት ዝውውርህን በዚህ እጄ እፈርማለሁ» አሉት።

ማንደፍሮ ከደስታው ብዛት ዳንግላ ደወለ።

«ተኑ፣ ስምሽን ለአንዲት ፍጥረት ላወጣላት ነው። ዓለም እስኪያልፍ የማይፋቅ ስም!»

«ውይ! ለአበባ ነው?»

«ለ… ተርብ።»

«ተርብ?»

«ወገቧ ቀጭን ነው እኮ፣ አንቺን ነው የምትመስለው» አለ።

«በቴሌግራም የላክሃት፣ ያቺ ባለ ጅራቷ?»

«ጅራት አይደለም ተኑ፣ እንቁላል መጣያዋ ነው።»

«ማንደፍሮ፣ አባቴ ሳይሰማህ ስልኩን ዝጋው።»

የዘር ቆጠራው ቀን ማንደፍሮ ለአለቃው አስረዳ። ሳይንስ ፍጥረትን ሁሉ በሰባት ደረጃ ይቆጥራል፤ ከላይ ከስፍን ተነሥቶ፣ በመደብ፣ በአስተኔ፣ በወገን እያለ እስከ ዝርያ ይወርዳል።

«ሰባት?» አቶ ዘመነ ብዕራቸውን ጣሉ። «ይኼማ የኛው ሰባት ቤት ነው! ፈረንጅ ከኛ ወስዶ ነው ላቲን ያለበሰው። ለዚህ ነው እንዴ የዩኒቨርሲቲ መምህር የምናስቸግረው? አያ አሥራተ ማርያም ይጠሩ!»

አያ አሥራተ ማርያም ከጋዝጊብላ እስከ ደሃና ጋብቻ በታሰበ ቁጥር የሁለቱን ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው «ይጋቡ» ወይም «ይቅርባቸው» የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ሲቆጥሩ አይስቁም፤ ሳቃቸውን ይዘውት ቤታቸው ይገባሉ ይባላል። መጡ። ጠርሙስ ውስጥ ያለችውን ተርብ ጎንበስ ብለው አዩአት።

«የማን ልጅ ናት?»

«ወላጆቿን አናውቅም አያ። ከንብ ጋር ግን ክፍለ መደቧ አንድ ነው» አለ ማንደፍሮ።

«እንግዲያ ለንብ የአክስት ልጅ ናት፤ የደህና ሰው ዘር ነች። ሌላስ ማን አላት?»

«ጉንዳንም ይዛመዳታል።»

«እሱን ቀስ ብለህ ተናገረው። ከየትም ቤት አንድ ጉንዳን አይጠፋም። ስሟስ?»

ማንደፍሮ በሳይንስ ደንብ ስሟ ሁለት መሆን እንዳለበት፣ እሱም የወገኗ ስም ፊት፣ የራሷ ኋላ እንደሆነ ተናገረ።

«እንደኛ የአባት ስም ያስፈልጋታላ!» አሉ ሽማግሌው። «አባት ግን የላትም። አባት ለሌላት ልጅ ስም ማውጣት ነውር ነው።»

ነገሩን ሁሉ ያመጣችው ይህች አንዲት አስተያየት ናት። አቶ ዘመነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ካለፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ስማቸው በውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ በቀጫጭን ፊደል ተጋድሞ ታያቸው።

«ሕዝብ የጣለብኝን አደራ ለመወጣት ስል» አሉ፤ «አባትነቱን እኔ እወስደዋለሁ።»

ማንደፍሮ ተናኘን አሰበ፤ ጥርንም አሰበ። ጥር በለጠችበት፤ የተናኘን ስም ተወው።

«እሰየው» አሉ አያ አሥራተ ማርያም። «ግን እንደ ወጉ ይሁን። የሰውን ልጅ የራስ ለማድረግ አውራ ጣትን ማር ቀብቶ በምስክር ፊት ማስላስ ነው። ያን ጊዜ የጡት ልጅ ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ መካድ የለም። አስበውበታል?»

«ምን ማሰብ ያስፈልገዋል! ሚዲያ ይጠራ እንጂ!»

ሚዲያ ባይመጣም አዳራሹ በፕላስቲክ አበባ አሸበረቀ። ግድግዳው ላይ «ዘመነያ ሰቆቴንሲስ የሁላችንም ናት!» የሚል ባነር ተሰቀለ፤ ዘመነያ የአባቷ፣ ሰቆቴንሲስ የራሷ ስም መሆኑ ነው። ጓንጉልም የማሽላው ባለቤት ነውና ተጠርቶ ከኋላ ተቀምጧል። አቶ ዘመነ ወደ መድረክ ወጡ።

«ክቡራንና ክቡራት! ተርብን ተርብ ነች ብለን የምናልፍበት ዘመን አክትሟል! ይህች ተርብ ትናንት ስም አልነበራትም። በአመራሩ ያላሰለሰ ጥረት ዛሬ ሁለት ስም አላት። በዚሁ ከቀጠልን በመጪው ዓመት ሦስት፣ አራት የማይኖራት ምክንያት የለም!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። ባለ በዓሏ በዚያ ሁሉ መካከል ጠርሙሷ ውስጥ እግሯን ታጸዳ ነበር።

ማሩ ቀረበ። አቶ ዘመነ አውራ ጣታቸውን ነክረው ወደ ጠርሙሱ አፍ ሲያስጠጉ፣ ተርቧ እንግዳ ሳትሆን፣ ሳትግደረደር፣ ወጥታ ላሰች። እልልታው ቀለጠ። መድረክ የምትመራው ወይዘሮ እየሩስ «ተርቧ አባትነቱን በሙሉ ድምፅ ተቀብላለች» ብላ በቃለ ጉባኤ አስያዘች።

«በሉ አሁን» አሉ አያ አሥራተ ማርያም፣ «አባት የልጁን ግብር ይወቅ። ማንደፍሮ፣ ልጅቱ ምን ሠርታ ታድራለች?»

ማንደፍሮ ሊያሳጥረው አስቦ ነበር። ነገር ግን ቶሎ ተናግሮ፣ ቶሎ አስፈርሞ፣ ቶሎ መሄድ የፈለገ ሰው መሸፋፈኑ ይጠፋዋል።

«እሷስ አትሠራም። አገዳ ውስጥ ማሽላ የሚበላ ትል አለ። መርፌዋን ትሰድና እንቁላሏን ትሉ ገላ ውስጥ ታኖረዋለች።»

«ትሉ ይሞታላ?»

«ወዲያው አይሞትም። ይበላል፣ ይወፍራል፤ ለራሱ የሚበላ ይመስለዋል። ልጇ ግን ውስጡ ተቀምጣ ስቡን ትበላዋለች። ዋና ዋናውን የሰውነት ክፍል አትነካም።»

«አዘነችለት?»

«ኧረ! ቀድሞ ከሞተ ማን ይቀልባታል? ልትወጣ ስትል ነው የምትጨርሰው። የሚተርፈው ቆዳው ነው።»

ሰዉ አንድ ጊዜ ተርቧን፣ አንድ ጊዜ አቶ ዘመነን ያያል። ከኋላ የጓንጉል ድምፅ መጣ፤

«ዕፁብ ነው! ቁርጥ አባቷን!»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም ሌላውን ነው የሚጠቁመው። የፊት ወንበሮቹ በመሀረብ፣ የመካከሎቹ በእጃቸው፣ የኋላዎቹ በግልጽ ሳቁ። ሳቁ ገና ሳይበርድ አንድ ሠራተኛ እጁን አውጥቶ፣ «ለመሆኑ ይቺ ተርብ ማሽላ የሚጨርሰውን ትል የምትፈጅልን ከሆነ፣ ለገበሬው ትጠቅማለች ማለት አይደለም? እንዴትስ ብናደርግ ትበዛለች?» ሲል ጠየቀ። ወይዘሮ እየሩስ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ገልጻ፣ አመስግና አስቀመጠችው።

አቶ ዘመነ አውራ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ ነበር።

«ልጄ አይደለችም!» አሉ።

«ማር ልሳለች» አሉ ሽማግሌው።

«ተገድጄ ነው ያስላስኳት!»

«ፎቶው ላይ ስቀዋል።»

«አያ አሥራተ ማርያም፣ በእግዜር! ከነገ ጀምሮ በገበያ መካከል እንዴት ልለፍ? ትንሽ ትልቁ ‘የተርብ አባት’ ሊለኝ አይደለም?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ፤ ጣሪያው ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ጥቂት አነበቡ።

«የጡት ልጅ አትካድም። ሴት ልጅ ግን ትዳራለች። ካባቷ ቤት በክብር የምትወጣበት በር እሱ ነው።»

«ትዳርልኝ! ዛሬውኑ! ለማን ትዳር?»

«እዚህ ዙሪያማ ያለው ተርብ ሁሉ ሰባት ቤት ውስጥ ይገባባታል፤ ነውር ይሆናል። ሩቅ ይሁን። ከዓባይ ማዶ ቢሆን ደግ ነበር።»

ማንደፍሮ ዳንግላ ከዓባይ ማዶ መሆኗን አስቦ ጆሮውን አቀና።

«ደግሞ ሙሽራ ብቻዋን አትሄድም» ቀጠሉ ሽማግሌው። «ዐመሏን የሚያውቅ አጃቢ ይፈልጋል። እሱም ሸኝቶ የሚመለስ እንዳይሆን፤ ተመልሶ ባየነው ቁጥር ልጅቱን ያስታውሰናል።»

አቶ ዘመነ እስክሪብቶ ጠየቁ። የዝውውሩ ደብዳቤ እዚያው መድረክ ላይ ተጽፎ፣ እዚያው ማኅተም አረፈበት፤ «ባለሙያ ማንደፍሮ ከልጃችን ጋር በክብር ወደ ዳንግላ የተዛወሩ ስለሆነ፣ የሚመለሱበት ምክንያት እንዳይፈጠር የሚመለከታችሁ ሁሉ ትብብር እንድታደርጉ» ይላል።

ማንደፍሮ ጠርሙሱን ደረት ኪሱ ውስጥ፣ የተርቧን የማር ስንቅ ቦርሳው ውስጥ አድርጎ በማግስቱ ተሳፈረ። ዳንግላ ሲደርስ የተናኘን አባት በሩ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ጠርሙሱ ምንድን ነው?»

«ሙሽራ ናት አባቴ። አጅቤያት ነው የመጣሁ።»

«በልጄ ላይ?!»

ነገሩን ለማስረዳት ግማሽ ቀን፣ ለማሳመን ደግሞ የማሩ ስንቅ በሙሉ ሄደበት። ይሁን እንጂ ጥር ሲገባ ሰርጉ ሞቀ፤ ተናኘም የሙሽራ ቬሏን ከማድረጓ በፊት ጠርሙሱን ራሷ ይዛ ወጥታ፣ ማሳ ዳር ከፈተችው።

ሰቆጣ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ «ተርብ ከአካባቢያችን ሙሉ በሙሉ ተድራ ወጥታለች» የሚል የአፈጻጸም ሪፖርት አውጥቶ ተሸለመ። ሪፖርቱን ያላነበቡ እህቶቿ ግን የጓንጉል ማሽላ ላይ ዛሬም እያንኳኩ ይሠራሉ።

መቼም መሐላ መሐላ ነውና ላጥራው። ማሩ እውነት ነው፣ ሰባት ቤቱ እውነት ነው፣ ደብዳቤውም እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ በስብሰባው ላይ ተርቧ ለገበሬው ትጠቅም እንደሆነ የጠየቀ ሠራተኛ አልነበረም። ሌላው ሁሉ እንዲህ የሚታመን ከሆነ፣ አንድ የማይታመን ነገር ባስገባ ምን አለበት ብዬ ነው።