ክቡር ቆጣሪና ግራ እጄ

ብረት በሚነሳበት ቤት ሁሉ አንድ ቆጣሪ አለ። ጂሙ ምድር ቤት ይሁን ፎቅ ላይ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ይሁን አዲስ፣ ይህ ሰው አይታጣም። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቷል፣ ደብተር በብብቱ ይዟል፣ ፊቱ ደግሞ የፈተና ክፍል የሚጠብቅ መምህር ፊት ነው። እሱ ብረት ሊያነሳ ብቻ አይመጣም። ብረቱ በእርግጥ መነሳቱን ሊመሰክር ነው የሚመጣው።

የኛው ቆጣሪ በቀን ሥራው ፋርማሲስት ነው። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ክኒን በአምስት በአምስት እያንሸራተተ ሲቆጥር ይውላል። ማታ ከሥራ ሲወጣ ነጭ ጋወኑን ያወልቃል፣ መቁጠሩን ግን ማውለቅ አቅቶታል። «ክቡር ቆጣሪ» የሚል ማዕረግ የሰጠነው እኛ ነን። እኛ ማለት አናጺው እኔ፣ አውቶቡስ የሚነዳው የባለቤቴ ወንድምና ከሁላችን በላይ የሚያወራ አንድ የቤት ደላላ ነን።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ማስረዳት ደግሞ ነፍሴ ነው። ብረት አንሺ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቆጥሮ ያነሳል። ዛሬ ሰማንያ ኪሎ ስምንት ጊዜ ከገፋ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዘጠኝ ለማድረስ ይታገላል፣ ሰባት ከሆነበት ደግሞ ለምን ሰባት እንደሆነ ይመረምራል። ሁለተኛው በስሜት ያነሳል። ሰውነቱን ያዳምጣል፤ ቀሎት ከዋለ ይጨምራል፣ እንቅልፍ አጥቶ ካደረ ይቀንሳል፣ ጡንቻው «በቃኝ» ሲለው ያቆማል። ይህ ስንፍና አይደለም። ደብተር የማያውቀውን ብዙ ነገር ሰውነት ያውቃል፦ ከሚስት ጋር የተኮረፈበትን ቀን፣ ምሳ የተዘለለበትን ቀን፣ ጉንፋን ሊጀምር ያለበትን ቀን። እኛ የስሜት ሰዎች ነበርን። «ሰውነቴ ይነግረኛል» እንል ነበር ደረታችንን ነፍተን። የኔ ሰውነት እንዴት ያለ ዋሾ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

የክቡር ቆጣሪ ደብተር ግን ወሬ አይሰማም። ቀኑ፣ ኪሎው፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ብረቱ ሲወጣ መፍጠኑ ወይም ማዝገሙ፣ ሁሉም በየመስመሩ ይገባል። ሕጉም ጥብቅ ነው። ብረቱ ደረት ካልነካ «አይቆጠርም»። ክርን ካልተዘረጋ «አይቆጠርም»። ደረት ላይ ተነጥሮ ከወጣ «አይቆጠርም»። ይህቺን ቃል የሚላት በቀስታ፣ ያለ ክፋት፣ መድኃኒት አልቋል እንደሚል ሰው ነው። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ እንኳ ይሻለን ነበር።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ሃያ ሰው በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ብረት እንደያዘ ጸጥ አለ። ከጥግ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል፦ «ስድስት… ሰባት…»። ሌላ ቀን ደላላው ብረት ትከሻው ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ሲሠራ ራሱን ስቶ ወደቀ። እኛ ውኃ ስናርከፈክፍበት፣ ክቡር ቆጣሪ ግን ቀድሞ እግሮቹን ከፍ አድርጎ ያዘለት፣ የልቡን ምት ለካለት፣ ዓይኑን ሲገልጥ ደግሞ ጎንበስ ብሎ «አምስት ነው። ስድስተኛው አይቆጠርም» አለው።

«ክቡርነትዎ» አለ ደላላው ከወለሉ ላይ፣ «እኔ ሞቼ ቢሆንስ ኖሮ?»

«አምስት ነበር የሚሆነው።»

ልጁን እንኳ ከትምህርት ቤት ተቀብሎ ሲያቅፋት «ሃያ ሁለት ኪሎ» ይላል እየተባለ ይታማል። አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በጀርባህ ተጋድመህ ብረት ከደረትህ ወደ ላይ የምትገፋበትን አግዳሚ ቤንች እንለዋለን። ቤንች ላይ ስትተኛ አንድ ሰው ከራስህ በኩል ይቆማል፤ ብረቱ ቢያቅትህ አንገትህ ላይ እንዳይወድቅ ይይዝልሃል። ይህ ደንቡ ነው። ከደንቡ ጀርባ ግን ሌላ ያልተጻፈ ደንብ አለ። ብረቱ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ እጅህ ሲንቀጠቀጥ፣ ያዡ ሁለት ጣቶቹን ከሥር ሸጎጥ አድርጎ ትንሽ ያነሳልሃል። እያነሳልህም «ያንተ ነው! ሁሉም ያንተ ነው! አንበሳ!» ብሎ ይጮሃል። ውሸቱን ነው። ውሸቱን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እሱም ያውቃል፣ ማንም ግን አይናገርም። በጂም ውስጥ ትልቁ ደግነት ይህ ውሸት ነው። አውቶቡስ ነጂው አማቼ ደግሞ እጅግ ደግ ሰው ነው።

እኔ ሰማንያ ኪሎ ስምንት ጊዜ እገፋ ነበር። ስምንት መሆኑን የማውቀውም አማቼ «ስምንት!» ብሎ ስለሚጮህ ነው። ደስ ብሎኝ እነሳለሁ፣ መስታወት አያለሁ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ግራኝ ነኝ፤ በሥራ ቦታ መሮው ከግራ እጄ አንዳንዴ መሸራተት ጀምሮ ነበር። እጀታውን ወቀስኩ። መሮውን ቀየርኩ። እንጨቱ እርጥብ ነው አልኩ። አናጺ እጁን እስኪወቅስ ድረስ የሚወቅሰው ነገር አያጣም።

በዚያ ሰሞን ክቡር ቆጣሪ ወደ ቤንቻችን መጣ።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «ግራህ እየደከመ ነው። ከሁለት ወር በፊት ስምንቱም ያንተ ነበሩ። አሁን ያንተ የሆኑት ስድስት ናቸው። ብረቱ ወደ ግራ እያዘመመ ነው የሚወጣው። ሐኪም ይይህ።»

«የኔን ነው የምትጽፈው?» አልኩት።

«ከፊት ለፊቴ ስለሆንክ ነው።»

ደላላው በሳቅ ተንከተከተ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ደሜ ፈላ። ሰው ጓዳዬ ገብቶ ድስቴን ከፍቶ ያየብኝ ነው የመሰለኝ። «አንተ ክኒንህን ቁጠር!» አልኩት ሁሉም እንዲሰማ። «ሰውነቴን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከሰው ላይ ውረድ!» በዚያ ሳምንት የጂሙን ባለቤት አናግሬ ክቡር ቆጣሪ ከኛ ቤንች እንዲርቅ አስደረግኩ። ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ የተቀደደ ምንጣፍ ያለበት ጥግ ተሰጠው። እርሳሱንና ደብተሩን ሰብስቦ ሄደ። ያን ቀን ጀግና መስያለሁ፤ ደላላው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኛል።

ከጥጉ ሆኖ በመስታወት መቁጠሩን ቀጠለ። ይህን አላወቅንም። ግራዬ መድከም በጀመረ በአራተኛው ወር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጫማዬ ውስጥ አገኘሁ፦ «አምስት። እባክህ ሐኪም ይይህ።» ጨምድጄ ጣልኳት። ለአማቼ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ተወው ጋሼ፣ ሰውየው ትንሽ ነካ ያደርገዋል» አለኝ። ያቺን ዝምታ ያኔ ብቆጥራት ጥሩ ነበር።

በስምንተኛው ወር አንድ ማክሰኞ አማቼ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ቀረ። ደላላውም አልመጣም። ጂሙ ውስጥ ሁለት ወጣቶች የሩጫ ማሽን ላይ ናቸው፣ ጥጉ ላይ ደግሞ እሱ አለ። ቤንች ላይ ተጋደምኩ፣ ሰማንያ ኪሎ ተጭኗል፣ የሚይዝልኝ የለም። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ «ትይዝልኛለህ?» አልኩት።

መጥቶ ከራሴ በኩል ቆመ። እጆቹን ከብረቱ ሥር አደረገ፤ አላስነካም። አንድ ገፋሁ። ሁለተኛውን ጎትቼ ጎትቼ አወጣሁ። በሦስተኛው ግራ እጄ የለም። እንዴት ብዬ ላስረዳ? አልደከመም፣ አላመመኝም፣ ብቻ የለም። ብረቱ ወደ ግራ ዘመመ፣ ወደ አንገቴም መውረድ ጀመረ። ክቡር ቆጣሪ ያዘው፤ ፊቱ ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ወደ ቦታው መለሰው።

«ሁለት» አለ እየተነፈሰ።

«ገፋኸኝ!» ብዬ ጮህኩ ተነስቼ። «ሆን ብለህ ወደ ታች ተጫንከው! እኔ ስምንት የምገፋ ሰው ነኝ!»

ደብተሩን አምጥቶ ጭኔ ላይ ዘረጋው። የስምንት ወር ማክሰኞና ዓርብ በሙሉ አለ፤ በአንድ ዓምድ የራሱ፣ በሌላው የኔ። የኔ ዓምድ ደረጃ ነው፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ደረጃ። ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት። ከያንዳንዱ አጠገብ በትንንሽ ፊደል «የቀሩት የአማቹ» ይላል።

አማቼን ያን ምሽት ቤቱ ሄጄ አፋጠጥኩት። እጁን እያፋተገ ቆመ።

«ጋሼ፣ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።»

«ስንቱን አንተ ታነሳ ነበር?»

«መጀመሪያ ትንሽ ነበር። በኋላ…» ምራቁን ዋጠ። «በኋላማ ክንዴን ያመኝ ጀመር። አንተ ከቤንች ስትነሳ እንዲያ ፊትህ በርቶ እያየሁ፣ ምን ልበልህ?»

መታሁት ማለት እፈልግ ነበር። አልመታሁትም፤ የምመታበት እጅ ራሱ ግራው ነበር።

ሐኪሙ ደብተሩን ከኔ የበለጠ ጊዜ ሰጥቶ አየው። አንገቴ ላይ ነርቭ ተጨቁኖ ኖሯል። «ይህን የጻፈው ማነው?» አለ። «ጎረቤት ነው» አልኩ፤ ሌላ ምን እንደምለው አላወቅኩም። ከዚያ የማልረሳትን ነገር ተናገረ፦ ስድስት ቁጥር ላይ ሳለሁ ብመጣ ኖሮ እጄ ሙሉ በሙሉ የመመለስ ተስፋው ሰፊ ነበር። አሁን ቀዶ ሕክምናው ይደረጋል፣ ነርቩ ቀስ ብሎ ይመለስ ይሆናል፣ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ማንም አያውቅም። ሙያዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአምስተኛው ቀን ክቡር ቆጣሪ የተኛሁበት ክፍል መጣ። አማቼና ደላላው ቀደም ብለው መጥተው «ምንም አልሆንክም! ከበፊቱ የበለጠ ትሆናለህ!» ሲሉኝ ውለው ሄደዋል። እሱ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። በሆዱ ያለውን ሁሉ ሊያፈስብኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ይገባኛልም።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት» አለ። ደብተሩን ከፍቶ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ። አምስተኛው ወር ላይ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አራት፣ አራት፣ አራት ይላል።»

«እና?»

«ሦስት ነበር።» ጆሮው ድረስ ቀላ። «በዚያን ቀን በመስታወት ሳይህ ፊትህ በጣም ደክሞ ነበር። አሳዘንከኝ። አራት ብዬ ጻፍኩልህ። በሚቀጥለውም አራት አልኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ገልጬ ሳነብ፣ ራሴ የጻፍኩትን ራሴ አመንኩትና ‹ቆሟል፣ አልባሰበትም› ብዬ ዝም አልኩ። ሌላ ወረቀት ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ሦስት ሳምንት በኔ ምክንያት ነው የባከነው።» ድምፁ ተቆራረጠ። «ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም ነበር። ሁለተኛም አላደርገውም። ይቅር በለኝ።»

ለወራት የሰደብኩት ሰው፣ መጸዳጃ ቤት ደጃፍ ያስጣልኩት ሰው፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ደግነቱ ይቅርታ እየለመነኝ ነው። ስለ ጥጉ አንዲት ቃል አላነሳም።

«ሰርዘው» አልኩት።

ሰረዘው። ሁሉንም አራት በሦስት ተካና ከእያንዳንዱ አጠገብ ፊርማውን አኖረ። ከዚያ አዲስ ገጽ ገለጠና ሁለት ጣቶቹን በግራ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠ።

«ጨብጠኝ» አለኝ።

ጥርሴን ነክሼ ጨበጥኩት። ላብ ግንባሬ ላይ ወጣ። ዓይን ዓይኔን እያየ ይጠብቃል።

«ጀምር» አለ።

«ጀምሬያለሁ» አልኩት።

ፊቱ አልተለወጠም። አይዞህ አላለኝም፣ አንበሳም አላለኝም። እርሳሱን አንስቶ ዜሮ ብሎ ጻፈ፣ ቀኑን አሰፈረበት፣ ደብተሩንም ዘጋው።

«ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«አሥር ሰዓት» አልኩት።

በማግስቱ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በሩን ሳይ ነበር።